በቂ ስንቅ የሌለው

ስድስት ቅጠል ቼክ ነው የአንድ ዓመት ኪራይ፤
ስድስቱንም ፈረምኩ፣ ቀን ሳይደርስ፣ ቀን ሳላይ።
አጅማን፣ ከዓሣው ገበያ ማዶ፣ ሁለተኛው መታጠፊያ፣
አራት ክንድ በስድስት፣ የአንድ ሲንጀር ማቆሚያ፣
አንድ መስታወት፣ አንድ መጋረጃ፣ አንድ ካውያ፤
ይህ ነበር ሱቄ።

አሥራ ሁለት ዓመት የሰው ወለል ወልውዬ፣
የሰው ልጅ አዝዬ፣ የሰው ልጅ አባብዬ፣
በመጨረሻ በስሜ በር ከፈትኩ፤ ከበሩም በላይ
«ዘምዘም ስፌት» አስጻፍኩ፣ አረንጓዴ፣ ከሩቅ የሚታይ።

ፊርማዬን የተማርኩት ያኔ ነው፣ በሠላሳ ስምንት ዓመቴ፤
ደላላው ጣቱን አስቀምጦ «እዚህ ላይ፣ እህቴ፣
እዚህም፣ እዚህም» ሲለኝ እጄ እንደ መርፌ ፈጠነ፤
ቀለሙ ሳይደርቅ ወረቀቱ ታጠፈ፣ በቃ፣ ሆነ።
ፊርማም ለካ ስፌት ነው። አንዴ ጨርቁን ከወጋ
ክሩን ብትተረትሪው እንኳ ቀዳዳው ይቀራል፣ እንዳፈጠጠ፣ እስኪነጋ።

አራቱ አለፉ። በሰላም ወጡ፣ በሰላም ገቡ፤
የዒዱን ልብስ ስሰፋ ዓይኖቼ እስኪጠቡ።
የወደቀው አምስተኛው ነው።
አሥራ አራት የሚዜ ቀሚስ ያዘዘችኝ ደንበኛዬ
ልብሱን ወሰደች፣ «ነገ» አለች፤ ነገዋ ሆነ ዕዳዬ።

ባንክ ቤት ያለው ልጅ፣ ጨዋ ነው፣ ክራቫቱ የጠበቀ፣
«ሒሳቡ ጎድሏል» አለኝ፣ ከኔ በላይ እየተሳቀቀ።
«ስንት?»
«ሁለት መቶ አሥራ ስምንት ድርሃም።»
ለሁለት መቶ አሥራ ስምንት ሲባል አምስት ሺው ተመለሰ፤
አንድ ቁልፍ የጎደለው ሸሚዝ ሸሚዝነቱ ፈረሰ?

ባገሬ ስም አለው ይሄ፤ ነጋዴ «ደረቅ ቼክ» ይለዋል፤
ዳኛ ግን ወግ ያውቃልና «በቂ ስንቅ የሌለው» ይለዋል።
ስንቅ!
በየወሩ ለስድስት ጉሮሮ ስንቅ የምቋጥር እኔ
ወረቀቴን ብቻ ባዶ እጁን ሰደድኩት፣ በጠኔ።

መጀመሪያ የባንክ ቅጣት፣ ቀጥሎ የደላላው ስልክ፤
ስድስተኛውም ተከተለ፣ የታላቁን ፈለግ፣ ልክ በልክ።
ከዚያ በሩ ላይ ሌላ ቁልፍ፤ ሲንጀሬ ከውስጥ፣ እኔ ከውጭ፤
በመስታወቱ አየሁት፣ እግሩ ሥር ያለ ሰማያዊ የክር ቁራጭ።

አልታሰርኩም። ይህን ልብ በሉልኝ። እጄን የያዘኝ የለም።
እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ባሕሩን አያለሁ ሲመሽ፣ ሲጨልም።
ልጄ ሰዓዳ ኒካዋ ነበር፣ ባቲ፣ በሸዋል አጋማሽ፤
ቀሚሷን በእጅ መርፌ ሰፋሁ፣ እስከ ሌሊት ግማሽ።

ሻርጃ አየር ማረፊያ። መኮንኑ ፓስፖርቴን አየ፣ አየኝ፤
አንዴ ነካካ፣ ደገመው፣ ከወንበሩ ቀና አለልኝ።
«እናቴ፣ ቼክ አለብሽ» አለ። «መውጣት አይቻልም።»
ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የነገረኝ፤ ይህን አልረሳለትም።

ከኋላዬ ሻንጣ ይገፋል፣ ሕፃን ያለቅሳል፤
በሩ ክፍት ነው፣ መስታወት ነው፣ ሰው ሁሉ ያልፋል።
ከሰልፉ መሐል አንዲት የማላውቃት፣ ደሴ ነኝ ያለች ልጅ
ቀሚሱን ተቀበለችኝ፣ በላስቲክ እንደታጠፈ፣ ከእጅ ወደ እጅ።

ቪዲዮውን ልከውልኛል። አምሮባታል፣ አበራላት፤
ወገቡ ትንሽ ሰፋ አሉኝ። ሰፊዋ ናት የጠበባት።
ወይስ ልጄ ከስታ ይሆን? ይህን ማንም አልነገረኝ።
ለማጥበብ ሁለት መርፌ ነበር፤ አጠገቧ ቢያደርሰኝ።

አሁን በሰው ሱቅ እሰፋለሁ፣ በወር ሦስት መቶ እከፍላለሁ፤
ደረሰኝ በተቀበልኩ ቁጥር ሜትሬ ላይ ነጥብ እጥላለሁ፣
ለአንድ ወር አንድ ሴንቲ።
ትናንት ማታ ለካሁት።
የቀረኝ ሠላሳ ሰባት ነው፤
የሕፃን ቀሚስ ቁመት።